ሁለት እጅ ያረፈበት መቋሚያ

እኔን ይዞ ገበያ መውጣት የሚወድ ሰው የለም። ቤተሰቤ እንኳን ይሸሸኛል። ያገለገለ ዕቃ ሳይ እጄ አርፎ አይቀመጥም፤ ፍራሹን ገልብጬ ስፌቱን እዳብሳለሁ፣ ወንበሩን ደፍቼ እግሩን እወዘውዛለሁ፣ ቆርቆሮውን ወደ ፀሐይ አንሥቼ የሚስማር ቀዳዳ እፈልጋለሁ። ላሊበላ እንግዳ የጠፋባት ጊዜ ሆቴሎቹ ዕቃቸውን ማውጣት ሲጀምሩ፣ የትንሿን ሱቄን ዕቃ ያሟላሁት ከየደጃፋቸው ቆሜ እየመረመርኩ ነው። ሻጮቹ ከሩቅ ሲያዩኝ «ዳኛዋ መጣች» ይባባላሉ። ይበሉ። አዲስ ዕቃ ነገ ምን እንደሚሆን አይናገርም፤ ያገለገለው ግን የደረሰበትን ሁሉ ገላው ላይ ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ የማምነው ያገለገለውን ነው።

ይህን ጠባይ የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ደብተራ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሕሌት ቆመዋል። አሁን ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚለዩት የለም፤ እጃቸው ግን ዛሬም ያያል። ባለፈው ክረምት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የድንጋዩ ደረጃ ላይ አዳለጣቸው። ጉልበታቸው ተረፈ፤ መቋሚያቸው ግን ከመካከሉ ተሰነጠቀ። ስለ ጉልበታቸው አንድም ቃል አልተናገሩም። የተሰነጠቀውን እንጨት ጭናቸው ላይ አጋድመው ሲደባብሱት ዋሉ።

መቋሚያ ሲባል ተራ ዱላ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ማሕሌት የሚቆም ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚደገፈው እሱን ነው። ብብቱን ያሳርፍበታል፣ ሲያሸበሽብ ያወዛውዘዋል፣ ወለሉን እየመታ ዜማውን ይለካበታል። ቁመቱ ለባለቤቱ ልክ ካልሆነ ወገብ ይሰብራል፤ ጫፉ ካዳለጠ ሰው ይጥላል። የአባቴ ቦታ ደግሞ ሰው የሚወድቅበት ቦታ አይደለም። በገና ንጋት ግማሾቹ ካህናት ከታች ከግቢው፣ ግማሾቹ ከላይ ከአለቱ ጫፍ ዙሪያውን ቆመው ሲያሸበሽቡ፣ አባቴ የሚቆሙት ከላይ ነው። ከእግራቸው ሥር የተፈለፈለው ግድግዳ ቁልቁል ይወርዳል። በልጅነቴ እዚያ ላይ ሲወዛወዙ ሳይ እኮራ ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ግን በገናን እንደ ሰው ሁሉ በደስታ ጠብቄው አላውቅም፤ ከታች ከግቢው ይቁሙ ብዬ በየዓመቱ ብለምናቸውም እሺ አላሉኝም።

ከመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ አንድ አዲስ መቋሚያ ገዝቼ አመጣሁላቸው። ቫርኒሽ ተቀብቶ የሚያብለጨልጭ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። በአንድ እጃቸው ወዝወዝ አደረጉትና ሳቁ።

«ይሄ ፎቶ ለመነሣት ነው።»

«ይልመዱት እንጂ አባባ። እስከ ገና ቀን አለ።»

«አዲስ መቋሚያ የማለማምድበት ዕድሜ የለኝም። የተቆመበት ፈልጊልኝ። የተቆመበት ከሌለ ዘንድሮ ከቤቴ ነኝ።»

ከቤቴ ነኝ ያሉት ለእኔ እንደ መርዶ ነበር። ከላይ ቆመው ይወድቃሉ ብዬ እፈራለሁ፤ ከቤት ቀርተው ማሕሌቱን ከሩቅ ሲሰሙ ደግሞ ሳይወድቁ እንደሚያልቁ አውቃለሁ። ስለዚህ ለመፈለግ ተነሣሁ።

አመራረጡን ያስተማሩኝ በተሰበረው በራሳቸው መቋሚያ ነው። አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ ከጫፉ ወደ ራሱ እዪው፤ ከጎበጠ ተዪው። ከላይ ያለውን ቀንድ ጨብጠሽ ጠምዝዢው፤ ከተንቀጫቀጨ ውስጡን በሰም ሞልተውታል ማለት ነው። ድንጋይ ላይ መትተሽ አድምጪ፤ ድምፁ ሁለት ከሆነ ተሰንጥቋል። አሽትቺው፤ ላብና ጭስ ከሸተተ ደግ፣ የጫማ ቀለም ከሸተተ ያረጀ እንዲመስል የተቀባ አዲስ ነው። ከሁሉም በፊት ግን ጫፉ ላይ ያለውን ብረት እዪ። «የሰው ጫማ ተረከዙ በየት በኩል እንደሚያልቅ አይተሻል?» አሉኝ። «የመቋሚያ ብረትም እንደዚያው ነው። ሰውየው በየት በኩል ያዘነብል እንደነበር ብረቱ ይነግርሻል። የሚዋሽ እንጨት ይኖራል፣ የሚዋሽ ብረት ግን የለም።»

ከተማውን አዳረስኩት። የጎበጠ አየሁ፣ የነቀዘ አየሁ፣ የጫማ ቀለም ጠጥቶ የጠገበ አየሁ። በመጨረሻ ታኅሣሥ ሲገባ፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ በኩል የመጡ አንድ ቄስ ለአባቴ ወሬ ይዘው መጡ። የንስሐ ልጃቸው የሆነች የመሪጌታ ሚስት የባሏን መቋሚያ ልትሸጥ ነው አሉ። ደግ ወይራ ነው፣ በዕድሜ ልክ የተቆመበት ነው አሉ። እኔ ከዚህ በላይ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ጧት ወደዚያ በሚወጣ አይሱዙ ተሳፍሬ ሄድኩ። ካወረደኝ ቦታ ቀሪውን መንገድ በጥዱ መካከል በእግሬ ወጣሁት። ቤቱ የድንጋይ ቤት ነው፤ ደጃፉ የተጠረገ፣ የገብሱ ገለባ በወጉ የተከመረ። ሴትዮዋ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ አጠር ብላ ቀጥ ያለች ናት። ወተት የሞላ ቅል በራሷ ላይ እንደተሸከመች ሴት፣ አንገቷን እንኳ ወዲያ ወዲህ አታደርግም። እንደ ወጉ «ነፍስ ይማር» አልኳት።

አሜን አላለችም።

አስገብታ አስቀመጠችኝና ከግድግዳው መቋሚያውን አወረደችው። ወዲያው ዳኝነቴ መጣብኝ። በአንድ ዓይኔ አየሁት፤ ቀጥ ያለ ነው። ቀንዱን ጠመዘዝኩት፤ ንቅንቅ የለም። ደጅ ወጥቼ ድንጋይ ላይ መታሁት፤ ጥርት ያለ አንድ ድምፅ ሰጠኝ። እጅ የሚያርፍበት ቦታ ጠቁሮና ጎድጉዶ ጣት ጣቱ ይታያል። ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ ረጅም ሰው ነበሩ። ብረቱን ገልብጬ አየሁት። በግራ በኩል አልቋል።

«ቀኝ እግራቸውን ያማቸው ነበር?» አልኳት።

ደነገጠች። «ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቃቸውም። ብረቱ ነው የነገረኝ። ወደ ግራ ነበር የሚያዘነብሉት።»

«በወጣትነታቸው በቅሎ ጥላቸው ነው» አለች።

እዚያ ላይ ላቆም ይገባኝ ነበር፣ ግን እጄም አፌም አያርፉም። ከጠቆረው እጅ በታች አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ሌላ እጅ ያረፈበት ቦታ አለ። አዲስ ነው፤ እንጨቱ ገና አልጠቆረም፣ ለስልሷል ብቻ። ጠጋ አድርጌ ሳሸተው ቅቤ ቅቤ ይላል። ደግሞም ብረቱ ዝገት የለውም። በግራ በኩል ያለቀው ጠርዝ አሁን የተሳለ ይመስል ያበራል። እዚህ ደጋ ላይ፣ በዚህ ጭጋግ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ብረት ይዝጋል እንጂ አያበራም።

«ካረፉ ስንት ጊዜያቸው ነው?»

«ማን አረፉ አለሽ?» አለችኝ።

ያኔ ነው ነገሩን በሙሉ የሰማሁት። በዚያ የተኩስ ሰሞን መሪጌታው የወንድማቸውን ወሬ እጠይቃለሁ ብለው አንድ ቀን ጧት ወደ ጋሸና ወጡ። መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አየኋቸው ያለ የለም፤ ቀበርኳቸው ያለም የለም። የንስሐ አባቷ ታገሺ ታገሺ ሲሏት ቆይተው፣ አሁን ነፍሳቸውን መካከል ላይ አታስቀሪ፣ ተዝካራቸውን አውጪ አሏት። መቋሚያው ከግድግዳው እስካልወረደ ድረስ ግን ልቧ እሺ እንደማይል ስላወቁ፣ አስቀድመሽ እሱን ሽጪ ብለዋታል። ቀን ተቆርጧል፣ ጠላው ሊጠነሰስ ነው።

«እሳቸው ሩቅ ሲሄዱ መቋሚያቸውን ይይዛሉ» አለች። «ያን ቀን ትተውት ነው የወጡ። ትተውት የወጡት ሊመለሱ ቢሆን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል እታለም?»

ዝቅ ብሎ ስላለው እጅ ጠየቅኳት። አልደበቀችኝም። ከምሰሶው አጠገብ ያለውን ቦታ አሳየችኝ፤ መሪጌታው በቤት ጸሎት ሲያደርሱ የሚቆሙበት ነው። በእበት የተለቀለቀው ወለል ላይ የብረቱ ጫፍ ልክ የሚያህል ጉድጓድ አለ። ጧት ጧት መቋሚያውን ታወርድና እዚያ ላይ አቁማ ትይዘዋለች።

«ትቆሚበታለሽ ማለት ነው።»

«እኔ ምን ቤት ነኝና እቆምበታለሁ? እይዝላቸዋለሁ እንጂ። ቦታቸው ባዶ እንዳይሆን።»

እኔ ግን ነገር የምጨርስ ሴት ነኝ፤ ሐዘን መቋጫ ይፈልጋል ብዬም አምናለሁ። የንስሐ አባቷ ልክ ናቸው ብዬ በልቤ ፈረድኩ። ዋጋ ስጠይቃት «አባትሽ መጀመሪያ ይቁሙበት፤ ከተስማማቸው ያኔ እንነጋገራለን» አለች። መቋሚያውን በነጠላ ጠቅልዬ ስወጣ፣ እስከ ጥዱ ድረስ ሸኘችኝ። የሸኘችው ግን እኔን አልነበረም፤ ዓይኗ ከጥቅሉ ላይ አልተነሣም።

አባቴ መቋሚያውን ሲቀበሉኝ ፊታቸው እንደ ልጅ በራ። ተነሥተው ብብታቸውን አሳረፉበት። ቁመቱ ልካቸው ነው። ወለሉን አንዴ መቱ፤ ያ ጥርት ያለ ድምፅ ቤቱን ሞላው። «ደግ አድርገሻል» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይህን ቃል መስማት ቀላል ነገር አይደለም። እኔም እፎይ አልኩ። በገና ከላይ ከአለቱ ላይ ቆመው በልቤ አየኋቸው፤ ሳይወድቁ።

ከዚያ ተቀመጡና መዳበስ ጀመሩ። ከላይ ወደ ታች እየወረዱ የጠቆረው ቦታ ላይ ቆሙ፤ ወረድ ብለው ሁለተኛውን እጅ አገኙት። አሸተቱ። ፈገግ አሉ። «ሴት ይዛዋለች።» የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ። በመጨረሻ ብረቱን በአውራ ጣታቸው ዞሩት። ግራውን ጠርዝ ዳበሱ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ዳበሱ። ፈገግታቸው እየጠፋ ሄደ።

«ሴትዮዋ እንዴት ያለች ናት? ታነክሳለች?»

«ኧረ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለች ናት።»

«አጭር ናት አልሽኝ?»

«አዎ።»

መቋሚያውን ከራሳቸው ቀስ ብለው አራቁት። «ስሚኝ። አጭር ሰው፣ ቀጥ ብላ፣ ዝቅ አድርጋ ብትይዘው ብረቱ ከመካከሉ ነው የሚያልቅ። ወይም ምንም አያልቅም፤ ይዛው ነው እንጂ አልተደገፈችውማ። አዲሱ መበላት ግን በግራ ነው፣ አሮጌው በነበረበት። ያው ዘንበል ማለት ነው የቀጠለው።» አውራ ጣቴን ይዘው ጠርዙ ላይ አስቀመጡት። ስለቱ ቀዘቀዘኝ። «እጁ የሷ ነው። ክብደቱ የሷ አይደለም።»

ተቆጣሁ። ስፈራ የምቆጣ ሰው ነኝ። ወለሉ ሰያፍ ይሆናል አልኩ። ግድግዳው ላይ ሲሰቀልና ሲወርድ ድንጋይ እየነካው ይሆናል አልኩ። ገና ሊደርስ ነው፣ ሌላ መቋሚያ ከየት ይምጣ አልኩ። ይልቅ ሴትዮዋ ትረፍ፣ ተዝካሩን ታውጣና እህል ትብላ አልኩ። አባቴ ጮኼ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ማሕሌት ላይ የሰው መቋሚያ አይነሣም» አሉ። «ባለቤቱ ለጊዜው ወጣ ቢልም አይነሣም። ሲመለስ በምን ይቆማል? ይሄ መቋሚያ ሰው እየቆመበት ነው። መልሺላት።»

«አባባ፣ እርስዎስ በምን ሊቆሙ ነው?»

«መልሺላት አልኩሽ።»

ከደብተራ ጋር ተከራክሮ የረታ ማን አለ? በሦስተኛው ቀን ያንኑ ጥቅል ይዤ ያንኑ መንገድ ወጣሁ። የሞተ ሰው አያስፈራኝም። ይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተጋድመው ያሉትን አፅሞች ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ አጠገባቸው ዳቦ በልቻለሁ። በዚያ ቀን ግን የጠቀለልኩትን ነገር ትከሻዬ ላይ ማድረግ አቃተኝና በእጄ አንጠልጥዬው ሄድኩ።

እኩለ ቀን ነው፤ ፀሐይዋ ጠራርታለች። ወደ ቤቱ ስቃረብ ድምፅ ሰማሁ። ከውስጥ ነው። ድም ይላል። ይቆያል። ድም ይላል። ዜማ እንደሚለካ ሰው ነው፣ የማይቸኩል። ሁለተኛው ምት ሁልጊዜ ከፊተኛው ይከብዳል፤ አንድ እግሩን አምኖ እንደማይረግጥ ሰው። እኔ የደብተራ ልጅ ነኝ፤ መቋሚያ ወለል ሲመታ አውቃለሁ። ምስኪን፣ ሌላ እንጨት ፈልጋ ትቆምበት ጀመረች አልኩ በልቤ።

የግቢውን አጥር ሳልፍ ሴትዮዋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሰፌዱ ጭኗ ላይ ነው። ሁለቱም እጆቿ ምስሩ ውስጥ ናቸው።

ድም።

ባለሁበት ቀረሁ። መቋሚያው እንደተጠቀለለ እጄ ላይ ነው። እሷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ጥቅሉን ሳይሆን ፊቴን ነው ያየችው። ምስሩ ከጣቶቿ መካከል ይፈስሳል።

«ሰው አለሽ እንዴ?» አልኳት።

«ማንም የለኝ።»

«ከብቶቹ ናቸው?»

«ከብቶቹ ከመስክ ናቸው።» ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ እኔ መጣች። «ይዘሽው ከሄድሽ ጀምሮ ነው። ፊት እንዲህ አይሰማም ነበር። ጎረቤት ጠራሁ፤ አልሰማንም አሉኝ። የንስሐ አባቴም መጡ፤ ሐዘን ነው አሉኝ።» እጄን ያዘችኝ። «ሰማሽው እታለም? ሰምተሻል አይደል?»

ሰማሁ ካልኳት ተዝካሩ እንደማይወጣ አውቃለሁ። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ እንጨት ይዛ ቆማ ትቀራለች። አልሰማሁም ካልኳት ደግሞ ጠላው ይጠነሰሳል፣ ካህናቱ ይጠራሉ፣ መሪጌታውም ይሞታሉ፤ እሷም እንዳበደች አምና ትኖራለች። ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ዕቃ ጉድለት ሳልሸሽግ ተናግሬያለሁ፤ በዚህ የማይወደኝ ሰው ብዙ ነው። በሰማሁት ነገር ላይ ልዋሽ አልቻልኩም።

«ሰማሁ» አልኳት።

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ተመስገን» አለች፤ ደጋግማ አለችው። ከዚያ መቋሚያውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝና ከነጠላው ፈትታ፣ ዝቅ አድርጋ የምትይዝበት ቦታ ላይ ያዘችው። ወደ ውስጥ ገባች። በሩን አልዘጋችውም። እኔ ደጃፉ ላይ ከፈሰሰው ምስር አጠገብ ቆሜ ጠበቅኩ። ድምፁ ቆመ።

ግቢና እዪ ብትለኝ ኖሮ አልገባም ነበር። ወለሉን ልይ፣ ጉድጓዱን ልዳብስ፣ አቧራውን ልመርምር አላልኩም። በሕይወቴ ሳልመረምር ትቼው የሄድኩት ነገር ያ ብቻ ነው። ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም።

ማታ እቤት ስደርስ አባቴ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

«መለስሽላት?»

«መለስኩላት።»

«ተቀበለች?»

«ተቀበለች።»

ነጫጭ ዓይኖቻቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«መሪጌታውስ?»

ይህን እንዴት አሰቡት ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ጫማዬን እየፈታሁ ነበር፤ አቋረጥኩት።

«እሳቸውም» አልኳቸው።

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዘንድሮ ከላይ ሳይሆን ከታች ከግቢው እንደሚቆሙ ነገሩኝ፤ ያን ያህል ለምኜ ያቃተኝን ነገር እንዲሁ በቀላሉ አሉት። «በይ እንግዲህ ያን ቫርኒሹን አምጪው» አሉ፤ «ልልመደው።» ከማዕዘን አንሥቼ ሰጠኋቸው። ብብታቸውን አሳረፉበት፣ ቁመቱን አስተካከሉ፣ ወለሉን አንዴ መቱ።

ድም አለ። ሁለተኛውን ምት ላለመስማት ወደ ደጅ ወጣሁ።